እስስታችሁ እጃችሁን ሳትፈራ እንድትለምድ

እስስት ቤቱ ያስገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው እጁ ላይ ማውጣት ነው። ይገባኛል። ዓይኖቿ ለየብቻ ሲዞሩ፣ በዚያ በሚወዛወዝ አካሄዷ ስትራመድ፣ ጅራቷን ጠቅልላ ቅርንጫፍ ስትጨብጥ እያዩ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ይከብዳል። ግን እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ።

ከእስስት ጋር መተማመን ማለት መዋደድ ማለት አይደለም። እስስት ብቸኛ እንስሳ ናት። ከራሷ ዘር ጋር እንኳን የምትቀራረበው በአብዛኛው ለመራባት ብቻ ነው። መታቀፍ፣ መደባበስ፣ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳት ለእሷ ምንም አይጨምርላትም። ከእናንተ የምትፈልገው እንዳትበሏት ነው። ስለዚህ ሥራችሁ እንዳትፈራችሁ ማድረግ ነው፤ ትወደኛለች አትወደኝም የሚለውን ተዉት።

ታዲያ ለምን እንልፋ? ቤቷ በደንብ ሲጸዳ መውጣት አለባት። በየጊዜው መመዘን አለባት። አንድ ቀን ሐኪም ጋር መሄዷ አይቀርም። ይህ ሁሉ በሆነ ቁጥር በፍርሃት የምትደርቅ ከሆነ ጉዳቱ እዚያው አያበቃም፤ እየተደጋገመ የሚመጣ ጭንቀት ከምግብ ያርቃታል፣ በሽታ የመከላከል አቅሟንም ያዳክማል። ራሷ ፈልጋ እጃችሁ ላይ የምትወጣ እስስት ግን ከዚህ ሁሉ ትድናለች። ስለዚህ ውጤታችሁን «ስንት ደቂቃ ያዝኳት» ብላችሁ አትለኩ። «ምን ያህል ሳትፈራ መጣች» በሉ።

ፍርሃቷን ማንበብ

በዱር የምትኖር እስስት ዋና ጠላቶች ወፎችና እባቦች ናቸው። ወፍ ደግሞ የሚመጣው ከላይ ነው። እጃችሁ ከላይ ወደ ጀርባዋ ሲወርድ ለእሷ ያው ጭልፊት ነው፤ የዋህ መሆናችሁን የምታውቅበት መንገድ የላትም። ሮጣ የማምለጥ አቅሟም ትንሽ ነው። መከላከያዋ አለመታየት ነው። ለዚህ ነው ስትፈራ ብዙ ጊዜ ዝም የምትለው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «እጄ ላይ ተረጋግታ ተቀመጠች፣ እንዲያውም ዓይኗን ጨፍና ተኛች» ይላል። ጤነኛ እስስት ቀን ቀን አትተኛም። ውሃ ሲረጭባት ዓይኗን ለማጽዳት ጨፈን አድርጋ ብታንከባልል ችግር የለውም። ግን በጠራራ ቀን እጃችሁ ላይ ዓይኗን ጨፍና ከቀረች ወይ በጣም ፈርታለች ወይ ታማለች። ቶሎ ወደ ቤቷ መልሷት። እዚያም ገብታ ቀን ላይ ዓይኗን መጨፈኗን ከቀጠለች ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ቀለሟንም አንብቡ። እስስት ቀለሟን የምትቀይረው የተቀመጠችበትን ለመምሰል ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል፤ ይበልጥ የሚቀይረው ግን የሰውነቷ ሙቀት፣ ስሜቷና ከሌሎች እስስቶች ጋር የምትለዋወጠው መልእክት ነው። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓንተር የተባለውን የማዳጋስካር እስስት አጥንተው ነገሩን አሳይተዋል። ቆዳው ውስጥ ጓኒን ከሚባል ንጥረ ነገር የተሠሩ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ወንዱ ሲረጋጋ ክሪስታሎቹ ተጠጋግተው ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ያንጸባርቃሉ፣ ሲነሳሳ ግን ይራራቁና ቀለሙ ወደ ቢጫና ቀይ ይሄዳል። ያ ደማቅ ቀለም ለእኛ ዓይን ያማረ ቢሆንም ለእሱ የጠብ ልብስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የእናንተዋን እስስት የዕረፍት ቀለም እወቁ። ሳታያችሁ ከሩቅ ፎቶ አንሷት፣ በተለያየ ሰዓት። ከዚያ እጃችሁ ሲቀርብ የምታሳየውን ቀለም ከዚያ ጋር ታወዳድራላችሁ። ጠቆር ካለች በአብዛኛው አልተመቻትም። አንድ ነገር ብቻ እንዳያሳስታችሁ፦ ጠዋት ከእንቅልፏ ነቅታ መብራት ሥር ስትሞቅ ሙቀት ለመሳብ ስትል ትጠቁራለች። እሱ ጤነኛ ነው።

ሰውነቷ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ነው የሚናገረው። መጀመሪያ አንድ ዓይኗ እናንተ ላይ ይተከላል። ቀጥሎ ቅርንጫፉን በመሃላችሁ አድርጋ ወደ ኋላው ትዞራለች፣ ጎኗን አጥብባ ቀጭን ትሆናለች፤ ይሄ «እንዳታየኝ» ማለት ነው። ካላቆማችሁ ትጠቁራለች፣ በጎኗ ዞራ ሰውነቷን ጠፍጣፋና ትልቅ ታደርጋለች፣ ጉሮሮዋን ትነፋለች፣ ትወዛወዛለች። ከዚያ አፍ መክፈት፣ እስስ ማለትና መንደርደር ይመጣል። አንዳንዷ ደግሞ የያዘችውን ቅርንጫፍ ለቃ ራሷን ወደ ታች ትጥላለች። (መብራት ሥር ሆና ማንም ሳይቀርባት አፏን ከከፈተች ግን ሙቀቱ በዝቶባት ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ።)

እኔ አጥብቄ የምይዘው ሕግ አንድ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ላይ እጃችሁን ባለበት አቁሙ። አትግፉ፣ ደንግጣችሁም አትሸሹ። ትንሽ ጠብቁ። ከለቀቀች፣ ማለትም ዓይኗ እንደገና ዙሪያዋን ማየት ከጀመረ፣ ያኔ ቀስ ብላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ለዛሬ ይበቃል። እየባሰባት ከሄደ ደግሞ ሳትቸኩሉ ራቁ። አፍ እስከ መክፈት ካደረሳችኋት ከእጃችሁ የምትማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይሄ ነገር የሚሄደው ሳስፈራራው ነው።

ከእጅ በፊት ቤቷ

ቤቷ ውስጥ ያልተረጋጋች እስስት እጅ ላይ አትረጋጋም። መጀመሪያ ከፍታውን አስተካክሉ። ቤቷ መሬት ላይ ከተቀመጠ ቀኑን ሙሉ የምታየው ከላይ የሚያልፍ ግዙፍ እንስሳ ነው። ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ላይ አውጡትና የምትወደው ቅርንጫፍ ከዓይናችሁ ከፍ ያለ ይሁን። ይህች ትንሽ ለውጥ ብቻዋን ስንት ነገር እንደምታቀል ያየ ያውቀዋል። ቢያንስ አንዱ ጎን ግድግዳ ላይ ይደገፍ። ገብታ ሙሉ በሙሉ የምትጠፋበት ጥቅጥቅ ያለ ተክል ይኑር፤ መደበቂያ ያላት እስስት ብዙ ጊዜ ትወጣለች፣ መደበቂያ ያጣች ግን ሁሌ ተጠንቅቃ ነው የምትውለው። በሩ ከፊት የሚከፈት ቢሆን ይሻላል፣ ከላይ ከሆነ እጃችሁ በገባ ቁጥር ያው የወፍ ነገር ነው።

መስታወት፣ ሌላ እስስት፣ አፍጥጦ የሚያያት ድመት ወይም በቀቀን ከዓይኗ ይራቁ። በራሷ ነጸብራቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ስትቆጣ የምትውል እስስት አለች። ዩቪቢ (ፀሐይ ውስጥ ያለ፣ ለአጥንቷ የሚያስፈልጋት የማይታይ ጨረር) የሚሰጣት መብራቷ፣ ሙቀቷና ካልሲየሟም የመተማመኑ አካል ናቸው፤ አጥንቷ የሚያማት እንስሳ መነካትን ብትጠላ አይፈረድባትም።

አዲስ ከሆነች ቢያንስ ሁለት ሳምንት አትንኳት። ምግብ፣ ውሃ፣ መብራት፣ በቃ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቀስ ባለ እንቅስቃሴ። ቤቷ አጠገብ ተቀምጣችሁ መጽሐፍ አንብቡ፣ ሥራችሁን ሥሩ፣ ግን ፊት ለፊት አፍጥጣችሁ አትዩአት። ገና ግልገል ከሆነች ደግሞ ረዘም አድርጋችሁ ጠብቁ፤ ትንሿ እስስት ቶሎ ትደነግጣለች፣ ቶሎም ትጎዳለች።

ምግብ ያዥ እጅ

በደንብ መብላት ስትጀምርና እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ስትበላ፣ ያኔ እጅ ይገባል። የምግብ ቀን ጠዋት፣ በደንብ ሞቃ ንቁ ከሆነች በኋላ ምርጥ ሰዓት ነው። ቀዝቅዛ ያለች እስስት አትበላም፣ ነገር ለመሞከርም አቅም የላትም። እንዲርባት ብሎ ምግብ መከልከል ግን አይገባም። በጭራሽ።

መጀመሪያ ምግቧን በጽዋ ይዛችሁ ግቡ። ጽዋው ቅርንጫፏ አጠገብ፣ እጃችሁ ጽዋው ላይ፣ እናንተ ዝም። ካልመጣች ጽዋውን ሰቅላችሁላት ውጡ። በሌላ ቀን ድገሙት። ከጽዋው መብላት ከለመደች በኋላ ነፍሳቱን በተዘረጋ መዳፍ ላይ አድርጉት። እዚህ ላይ ከሌላው ቀን የተለየ ምግብ ቢሆን ነገሩ ይፈጥናል፦ የሐር ትል ወይም አረንጓዴ አባጨጓሬ፣ ለምግብነት ከተረባ እንጂ ከደጅ የተለቀመ አይሁን። የሰም ትልም ትወዳለች፣ ግን ቅባቱ ብዙ ስለሆነ አልፎ አልፎ ብቻ። ይህን ጣፋጭ ከእጃችሁ ካልሆነ ከሌላ ቦታ አታግኘው።

ርቀቱን ጠብቁ። የእስስት ምላስ ከሰውነቷ ርዝመት በላይ ይወነጨፋል፣ በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ሁለት እጥፍ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ አፍንጫዋ ሥር ማስጠጋት አያስፈልግም፣ የሰውነቷን ያህል ርቀት ላይ ሁኑ። ለመወንጨፍ ስትዘጋጅ ሁለቱም ዓይኖቿ ወደ ፊት ይገጥማሉ፣ ሰውነቷ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ አፏ በትንሹ ተከፍቶ የምላሷ ጫፍ ይታያል። በዚህች ሰዓት አትነቃነቁ። እጃችሁ ከተንቀሳቀሰ ትተወዋለች፣ አንዳንዴም ለቀናት። ፌንጣ በጣት ከያዛችሁ የኋላ እግሩን በስሱ ያዙት፣ ምላሷ ሲይዘው ወዲያው ይለቀቅ፤ አጥብቆ መያዝ ምላሷን ሊጎዳው ይችላል። በብረት መቆንጠጫ መስጠትንም አልመክርም፣ ምላሷ ብረቱን ሊመታ ይችላልና።

አንዳንዷ በሳምንት ውስጥ ከመዳፍ ትበላለች። ሌላዋ ወራት ይፈጅባታል። ዝርያውም፣ የተወለደችበት ሁኔታም ይወስነዋል። ቬይልድ የሚባለው የየመን እስስት፣ በተለይ ወንዱ፣ በቁጡነቱ የታወቀ ነው። ፓንተሩ ብዙ ጊዜ ረጋ ይላል። ባለ ሦስት ቀንዱ ጃክሰን ለዘብ ያለ ይመስላል፣ ሲጨነቅ ግን ብዙ ስለማያሳይ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዱር የተያዘች እስስት ደግሞ ጥገኛ ተውሳክም ፍርሃትም ተሸክማ ነው የምትመጣው። ሰው ቤት የተፈለፈለች ምረጡ። አብዛኞቹ የእስስት ዝርያዎች የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይትስ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ሥር ስለሆኑ ከአገር አገር ያለ ፈቃድ አይሻገሩም፣ ስለዚህ ከየት እንደመጣች መጠየቅ ተገቢ ነው።

እጃችሁ ቅርንጫፍ ሲሆን

ከእጃችሁ ዘና ብላ ስትበላ ወደ መውጣቱ እንሂድ። በቀጥታ በእጅ ከመጀመር ይልቅ በእውነተኛ ቅርንጫፍ መጀመር ብዙ ይቀላል። ሁለት ክንድ የሚሆን ቅርንጫፍ በአንድ ጫፉ ይዛችሁ ሌላውን ጫፍ ከፊቷ፣ ከደረቷ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ዘርጉላት። እስስት በተፈጥሮዋ ወደ ላይ መውጣት ነው የሚቀናት። ከቅርንጫፉ ማዶ ምግብ ወይም የምትወደው ተክል ካለ ትሻገራለች። ከዚያ በየጊዜው ቅርንጫፉን እያሳጠራችሁ እጃችሁን ታቀርባላችሁ፣ በመጨረሻም መንገዱ ላይ ያለው እጃችሁ ብቻ ይሆናል።

እጃችሁ ሁልጊዜ ከፊትና ከሥር ይምጣ። ጣቶቻችሁን ገጥማችሁ አግድም ዘርጉ። ከፊት እግሯ ሥር ወይም ደረቷ ጋ አስጠግታችሁ ጠብቁ። በግድ ማንሳት የለም፣ መጨበጥም የለም። አንድ እግር አውጥታ ጣታችሁን ጨበጥ ለቀቅ ካደረገች እየፈተነችው ነው፤ ተዉአት ትፈትን። ከፈለገች ሁለተኛውን ትጨምራለች። ካልፈለገች ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ እናንተም ትመለሳላችሁ። አንድ ቀን የተወችው ነገር በሌላ ቀን እንድትሞክር የሚያደርጋት ይህች የመተው ነጻነት ናት፣ ስለዚህ እባካችሁ አትንጠቋት።

ከቅርንጫፍ ላይ ጎትቶ ማላቀቅ አደጋ አለው። የእስስት እግር ጣቶቹ በሁለትና በሦስት ተጣብቀው እንደ መቆንጠጫ የተሠሩ ናቸው፣ ስትፈራ ደግሞ ይበልጥ ትጨብጣለች። ስትጎትቷት ጥፍሯ ሊነቀል፣ መገጣጠሚያዋ ሊጎዳ፣ ካልሲየም ያነሳት ከሆነም አጥንቷ ሊሰበር ይችላል። ግድ ማንሳት ካለባችሁ ሰውነቷን ከሥር ደግፋችሁ እግሮቿን አንድ በአንድ ከቅርንጫፉ ወደ ጣታችሁ አሻግሩ፣ ጅራቷንም በስሱ ፍቱ። በጅራቷ አታንጠልጥሏት፣ ጎኗንም አትጭመቁ።

ስትወጣ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ብትወድቅ ለስላሳ ነገር ላይ እንድትወድቅ። መስኮትና በር ይዘጋ፣ ማራገቢያ ይጥፋ፣ ውሻና ድመት ከክፍሉ ይውጡ። መራመድ ከፈለገች አንዱን እጅ ከሌላው ፊት እያስቀደማችሁ አስኬዷት። ወደ ትከሻችሁና ራሳችሁ ብትወጣ አይግረማችሁ፣ ከፍ ያለውን ቦታ ነው የምትፈልገው። አጠገባችሁ ተክል ወይም ቅርንጫፍ ይኑር፣ ሲበቃት ራሷ የምትወርድበት።

መጀመሪያ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ቀለሟ ሳይቀየር፣ ገና ዘና ብላ ሳለ መልሷት። ቤቷ ስትደርስ ከእጃችሁ ላይ ራሷ ትራመድ፣ ከዚያ የምትወደውን ምግብ ስጧት። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከበቂ በላይ ነው። ዕለት ዕለት ማውጣት ቶሎ ያለማምዳል የሚል ሰው አለ፣ እኔ አልስማማም። እስስት የማረፊያ ቀን ትፈልጋለች።

ከሽልማቶች ሁሉ የምወደው ፀሐይ ነው። አየሩ ሞቅ ሲል ደጅ ያለ ተክል ላይ ብታወጧት ቀለሟ ራሱ ይናገራል። መስታወት ዩቪቢውን ስለሚያስቀር መስኮት ሥር ማስቀመጥ አይተካውም። ጥላ ይኑራት፣ ዓይናችሁም ከእሷ አይነሳ፣ ወፍና ድመት ሁሌም አሉ።

የማይነኩበት ጊዜ

ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ አትንኳት፤ ተኝታ ፈዛዛ ቀለም ይዛ ስታዩአት ብታምርም ተዉአት። ቆዳዋን ስትጥል፣ ስትታመም፣ ገና በልታ ስትጨርስም እንዲሁ።

እንቁላል የያዘች ሴት ግን ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። የየመን ሴት እስስት ወንድ ባታገኝም እንቁላል ልትጥል ትችላለች። እንቁላል ስትይዝ ትጠቁርና ቢጫና ሰማያዊ ነጥቦች ታወጣለች፣ ትናንት እጃችሁ ላይ የወጣችው ዛሬ አፏን ከፍታ ትቀበላችኋለች። አልተጣላችሁም። ወቅቱ ነው። ማላመዱን አቁሙ፣ እርጥበት ያለው ጥልቅ አፈርና አሸዋ ያለበት ዕቃ አስገቡላት፣ መሬት ወርዳ መቆፈር ከጀመረች ደግሞ ቤቷን በጨርቅ ጋርዱ። የሚያያት ካለ ጉድጓዷን ትታ ልትወጣ ትችላለች፣ እንቁላሉ ውስጧ ከቀረ ደግሞ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል።

ብትነክሳችሁ መርዝ የላትም። ትልቅ የየመን ወንድ ከሆነ ግን ሊያደማ ይችላል። እጃችሁን አትንጠቁ፣ ጥርሷና መንጋጋዋ ይጎዳሉ። ቅርንጫፍ አጠገብ አድርሷት፣ ትለቃለች። ከዚያ ቁስሉን በሳሙና እጠቡ። ነከሰች አልነከሰች ከነካችኋት በኋላ እጅ መታጠብ ግዴታ ነው፣ እንደ ሌሎች ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባለውን ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። በተለይ ሕፃናት ካሉ።

መድኃኒት በግድ መስጠት የሚያስፈልግበት ጊዜ ይመጣ ይሆናል። ከተቻለ እሱን ሌላ ክፍል ውስጥ አድርጉት፣ ምግብ ከእጃችሁ በምትበላበት ቦታ አይሁን። ከዚያ በኋላ ወደ መዳፍ ምግቡ ተመለሱ፣ ካስፈለገም ወደ ጽዋው። የመጀመሪያውን ያህል ጊዜ አይፈጅም።

ምንም ብታደርጉ እጅ የማትቀበል እስስትም አለች። ጤነኛ ከሆነች፣ ከበላች፣ ቤቷ ውስጥ ዘና ካለች ምንም አልጎደላትም። እሷን ቅርንጫፉን ብቻ አስለምዷት። ለመመዘን ባዶውን ቅርንጫፍ ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ከዚያ እሷን ከነቅርንጫፉ መዝኑ። ሐኪም ጋር ለመሄድ ቅርንጫፉን ከነእሷ አየር የሚያስገባ ሳጥን ውስጥ አስገብታችሁ እንዳይንቀሳቀስ አድርጉት፣ ሳጥኑን በጨርቅ ሸፍኑት፣ ጨለማው ያረጋጋታል። ስትመልሷት ደግሞ ቅርንጫፉን ተክሏ ላይ አስደግፉት፣ ራሷ ትወርዳለች።